ዜሮ ኪሎ ዳቦ

መሥሪያ ቤታችን ውስጥ አጥፊ ኖሮ አያውቅም። ይህን የምለው ለሙገሳ እንዳይመስላችሁ። ጥፋትማ ሞልቷል፤ ሲደርስ አይተናል፣ ተሰብስበን አጥንተነዋል፣ ለአንዳንዱም የቁልምጫ ስም አውጥተንለታል። የማይገኘው አጥፊው ነው። ሁላችንም ንጹሓን ነን፤ ንጽሕናችን ደግሞ በቅርቡ የአክስቴን ምድጃ አጥፍቷል።

የምንሠራው ሶፍትዌር ነው። “ሳጥኑ” እንለዋለን፤ ልዩ ልዩ መሣሪያ የታጨቀበት ሳጥን ማለታችን ነው፣ ሚዛን ያለው ነጋዴ ሁሉ የሚበጀውን መዝዞ ይጠቀምበታል። ነጋዴው ዕቃውን ሚዛን ላይ ያስቀምጣል፣ ቁጥሩ በመስመር ወደ እኛ ማሽን ይመጣል፣ ሳጥኑ ቁጥሩን አጠጋግቶ መልሶ ይልከዋል፣ ነጋዴው ዘንድ ካለው ማተሚያ ክብደት የተጻፈበት ስቲከር ይወጣል። ሥራችን ይኸው ነው። ሰብሳቢያችን ለእንግዳ ሲያስረዳ ግን ግማሽ ቀን ይፈጅበታል፣ መሐል መሐል ላይም “ራዕይ” የሚል ቃል ይጨምርበታል።

ጣጣው ያለው ማጠጋጋቱ ላይ ነው። ወርቅ ቤት እስከ ሚሊግራም ድረስ ያለችውን ሽራፊ ይፈልጋል። ሲሚንቶ አከፋፋይ ሽራፊ ሲያይ ራሱን ያመዋል፤ ሙሉ ኪሎውን ጻፉልኝ፣ የተረፈውን ጣሉት ይላል። ዳቦ ቤት መሐል ላይ ነው፣ ግራም ይበቃዋል። ሦስቱም ደንበኞቻችን ናቸው፣ ሦስቱም የሚገለገሉት በአንድ ሳጥን ነው፣ ሳጥኑ ደግሞ ያለው የማጠጋጊያ ሴቲንግ አንድ ብቻ ነው። የጋራ ነው። አንዱ ሲለውጠው ለሁሉም ይለወጣል።

እኛም በደንበኞቻችን ነው የምንጠራው። ወርቅ ቤቱን የሚከታተለው ባለወርቁ ነው፤ ከደንበኛው የተጋባበት ነገር አለና ሲናገር ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ጣቶቹን አቆላልፎ ነው። ሲሚንቶውን የያዘችው ባለሲሚንቶዋ ናት፤ እሷ ደግሞ ስትናገር የጭነት መኪና ሞተር ላይ የምትጮህ ይመስላታል። እኔ ባለዳቦዋ ነኝ። ትክክለኛ ስማችንን የሚያውቀው ደመወዝ ክፍል ብቻ ይመስለኛል።

አሠራራችን እንዲህ ነበር። ሴቲንጉ በመደበኛው ግራም ላይ ነው የሚቀመጠው። ባለወርቁ የቀኑን ጌጣጌጥ ሲያሳትም ወደ ሚሊግራም ይለውጠዋል፣ ሲጨርስ ይመልሰዋል። ባለሲሚንቶዋም ወደ ሙሉ ኪሎ ለውጣ ታሳትምና ትመልሳለች። እኔ የምለውጠው የለኝም፤ መነሻው ግራም ነውና ዳቦዬ ማንንም ሳያስቸግር በራሱ ጊዜ ይታተማል። በዚህ የተነሣ ሥራ ፈት ተብያለሁ። ነገር የማያበዛ ሰው ሥራ የሚሠራ አይመስልም።

ዳቦ ቤቱ የአክስቴ ነው። እቴቴ ነው የምላት። እናቴ ስታርፍ ጥላኝ የሄደችው ለእሷ ነው፤ እቴቴ ከዱቄት ጆንያ አጠገብ አስቀምጣ አሳደገችኝ፣ ከዚያው ምድጃ በወጣ ዳቦ አስተማረችኝ። ምላሷ ሰው አያስቀምጥም። ወደ ሳጥኑ እንድትገባ ስለምናት፣ “ዳቦ ዳቦ መሆኑን ወረቀት ካልመሰከረለት አይበላም ማለት ነው?” ብላ ሳቀችብኝ። ኋላ ግን የከተማችን ሆስፒታል ጨረታ አወጣ፤ ለሕሙማኑ ዳቦ በየቀኑ የሚያቀርብ፣ እያንዳንዱ ዳቦ ስምንት መቶ ግራም የሆነ፣ ክብደቱም በስቲከር የተለጠፈበት። እቴቴ ተወዳድራ አሸነፈች። ሁለት ምድጃ ጨመረች፣ የሠፈሩን ባልቴቶች ለማቡካት፣ ጎረምሶቹን ለጭነት ቀጠረች። ሕይወቷን በሙሉ በጨርቅ የተሸፈነ ቅርጫት ይዛ ስትሸጥ ኖራ፣ በስተርጅና የራሷ ሹፌር ያላት ሴት ሆነች። ደስታዋን ስነግራችሁ ሹፌሩን የምትጠራው ስትፈልገው ሳይሆን እንግዳ ሲመጣባት ነበር።

ይህ ሁሉ የቆመው በዚያ ውል ላይ ነው። ውሉ ከፈረሰ ምድጃዎቹም ሰዎቹም አይኖሩም።

የሳጥኑ ደንበኛ እየበዛ ሲሄድ ሰብሳቢያችን ስብሰባ ጠራ። ነጭ ሰሌዳው ላይ “የጋራ ሴቲንግን ተጠቃሚው እንዴት ይለውጥ?” ብሎ ጻፈና ደርቆ በሚንጫጫ ማርከር ከሥሩ አሰመረበት። ከዚያም ዞሮ እንደ ለመደው “እንግባባ” አለ። ሰብሳቢያችን “እንግባባ” ሲል እኔ የምለውን በሉ ማለቱ ነው።

ቀድሜ እጄን አወጣሁ። ሐሳቤ አጭር ነበር። ማንም የጋራውን አይንካ፤ እያንዳንዱ ሥራ የራሱን ማጠጋጊያ ይዞ ይምጣ፣ ሥራው ሲያልቅ ማጠጋጊያውም አብሮት ይሂድ። የጋራው ምንም ላልተናገረ ሰው መነሻ ሆኖ ይቀመጥ። ወርቁ በሚሊግራም፣ ሲሚንቶው በኪሎ፣ ዳቦው በግራም፣ ማንም ማንን ሳያይ። ኮዱንም ጽፌ ጨርሼው ስለነበር እንዲያዩት ስክሪኑ ላይ አወጣሁት።

ሰብሳቢያችን ኮዱን አላየውም። እኔን ነበር የሚያየው፣ በሐዘኔታ።

“የራሱ፣ የራሷ፣ የራሳቸው” አለ። “አየሽ፣ ቤት የሚያፈርሰው ይህ የራስ የራስ የሚባል ነገር ነው። እኛ እዚህ ቤተሰብ ነን። ቤተሰብ በአንድ በር ነው የሚገባው።”

“በሩ አንድ ይሁን፣ ጫማችንን ግን ለየብቻ እናድርግ ነው ያልኩት” አልኩ።

ባለሲሚንቶዋ ከት ብላ ሳቀች። ሰብሳቢው አልሳቀም፤ ማስታወሻው ላይ የሆነ ነገር ጻፈ፣ ስለ ጫማ ይመስለኛል።

ባለወርቁ ጣቶቹን አቆላልፎ ሌላ ሐሳብ አመጣ። ሴቲንጉ መቆለፊያ ይኑረው፣ አንዱ ሲይዘው ሌላው ወረፋ ይጠብቅ። “በተፈጥሮው ግን” አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ “ወርቅ ቢቀድም ጥሩ ነው።”

“ስለዚህ ሲሚንቶ የጫነ ተሳቢ መንገድ ዘግቶ ቆሞ የእጮኛ ቀለበት እስኪመዘን ይጠብቅ?” ባለሲሚንቶዋ ጮኸች።

“ሲሚንቶ ቢዘገይ ሲሚንቶ ነው።”

“ቤትህን በወርቅ ነው የሠራኸው?”

እሳትና ጭድ ናቸው፣ እነሱን ለማስታረቅ ግማሹ ጊዜ አለቀ። የቀረው ጊዜ በቁልፉ ላይ ሄደ። ስክሪኑ ላይ የሚጫኑት ቁልፍ “ለውጥ” ይባል ወይስ “አስተካክል”? “ለውጥ” ሰው ያስደነግጣል ተባለ። “አስተካክል” ደግሞ እስካሁን የተበላሸ ነበር ያስመስላል ተባለ። አረንጓዴ ይሁን ወይስ ሰማያዊ? በቀለሙ ላይ ንዑስ ኮሚቴ ተቋቋመ። የእኔ ኮድ ስክሪኑ ላይ እንደተሰጣ ማሽኑ ደክሞት ራሱን አጠፋ።

በመጨረሻ የተግባባንበት ይህ ነው። ሴቲንጉ አንድና የጋራ ሆኖ ይቀጥላል። ማንም ይለውጠዋል። ነገር ግን የለወጠ ሁሉ ቃሉን ይሰጣል። ቃሉም በትልቁ ተጽፎ፣ በመስታወት ተከቦ፣ ከነጭ ሰሌዳው በላይ ተሰቀለ። “ለውጥ፣ ተጠቀም፣ እንዳገኘኸው መልስ” ይላል። ሁላችንም ከሥሩ ፈረምን። እኔም ፈርሜያለሁ። ልፈርም ስል ግን ብዕሩን ይዤ ጠየቅሁ።

“ሳገኘው ሌላ ሰው ለውጦት ከሆነስ? እንዳገኘሁት ስመልስ የማንን ነው የምመልሰው?”

ሰብሳቢያችን ትከሻዬን ቸብ ቸብ አደረገ። “ልጄ፣ ሁልጊዜ ክፉ ክፉው ለምን ይታይሻል? ባልደረቦችሽን አታምኛቸውም?”

“እነሱን አምናቸዋለሁ። ቅደም ተከተሉን ነው የማላምነው።”

“ቅደም ተከተልም ቢሆን” አለ፣ “ቅንነት ካለ ይስተካከላል።” ባለወርቁ አጨበጨበ።

ነገሩ የደረሰ ዕለት ሁሉም ቅን ነበሩ፣ ይህን እመሰክራለሁ። ጧት ባለሲሚንቶዋ ገባች። ሴቲንጉን ግራም ላይ አገኘችው፣ ወደ ሙሉ ኪሎ ለወጠችው፣ ማሳተም ጀመረች። አሳትማ ጨርሳ ገና ሳትመልሰው ባለወርቁ መጣ። እሱ ያገኘው ኪሎ ነው፤ ወደ ሚሊግራም ለወጠው፣ የያዘውን ጥቂት ጌጥ አሳተመ። ባለሲሚንቶዋ እንደ ቃሏ፣ እንዳገኘችው፣ ወደ ግራም መለሰች። ቀጥሎ ባለወርቁ እንደ ቃሉ፣ እንዳገኘው፣ ወደ ኪሎ መለሰ። ሁለቱም ሕሊናቸው ንጹሕ ሆኖ ቁርስ ሊበሉ ወረዱ። ሳጥኑ ኪሎ ላይ ቀረ።

ስምንት መቶ ግራም ሙሉ ኪሎ አይሞላም። የተረፈው ደግሞ ይጣላል። የእቴቴ ዳቦ ሁሉ፣ ያ ሁሉ ጭነት፣ ዜሮ ኪሎ ሆነ። ስቲከር የምትለጥፈው ባልቴት የሚያስጨንቃት ስቲከሩ ቀጥ ብሎ መለጠፉ እንጂ የሚለው ነገር አልነበረም፤ አሳምራ ለጥፋዋለች።

ስልኬ ሲጮህ ጥርጣሬ እንኳ አልነበረኝም።

“ልጄ” አለች እቴቴ። ድምፅዋ የሳቅ ይሁን የለቅሶ አልለይ አለኝ። “ዳቦዬ ዜሮ ኪሎ ነው እያሉኝ ነው።”

“ማነው እንደዚያ የሚለው?”

“ወረቀትሽ ነዋ! ያንቺው ወረቀት! ነይ ቶሎ፣ ሰውየው መኪናዬን አቁሞታል።”

ሆስፒታሉ ግምጃ ቤት ስደርስ እቴቴ ከነሽርጧ፣ ዱቄቷን ሳታራግፍ፣ በሁለት እጇ ዳቦ ይዛ ቆማለች። ከፊቷ የግምጃ ቤቱ ተረካቢ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ጠረጴዛው ኋላ ተቀምጧል። ሹፌሩ መኪናው ውስጥ ሆኖ ወደ ሌላ አቅጣጫ ያያል። ከተረካቢው ጀርባ አንድ ትልቅ ሚዛን አለ።

“ይመዘንና ይለይ” አልኩት፣ ሚዛኑን እያሳየሁት።

“እሱ የሥጋ ነው” አለኝ።

“ዳቦ መመዘን አይችልም?”

“መቻሉንማ ይችላል። አልተፈቀደለትም።”

እቴቴ ዳቦውን ጠረጴዛው ላይ ዱብ አደረገችለት። ወረቀቶቹ ተነሥተው ወደቁ። “እስቲ አንሣው! ዜሮ የሆነ ነገር እንደዚህ ይወድቃል?”

“እናቴ፣ ይረዱኝ እንጂ” አለ ተረካቢው፣ ከልቡ ይመስል ነበር። “እኔ የምረከበው የተጻፈውን ነው። ዜሮ ኪሎ ዳቦ ተረክቤአለሁ ብዬ ልፈርም? ነገ ዜሮ ኪሎ ዳቦ ለስንት ሰው አበላህ ቢሉኝ ምን እላለሁ?”

“አንተ ሰው፣ ያሳደገችህ እናትህ ጡቷን መዝና ነው የሰጠችህ?”

ሰውየው መነጽሩን አወረደ፤ ጥቂት ያፈረ መሰለኝ። ክፉ ሰው አልነበረም። ክፉ ቢሆን ኖሮ ይሻል ነበር፣ ክፉ ሰው አንዳንዴ ሲያሻው ይራራል። ውሉን አውጥቶ አንቀጹን አሳየን። ጉድለት ያለበት ጭነት ከመጣ አቅራቢው ምክንያቱን ማኅተም ባረፈበት ደብዳቤ ማስረዳት አለበት፤ አለበለዚያ ውሉ ይፈርሳል። “ስቲከሩን ያተመው ድርጅት ‘ስህተቱ የእኛ ነው፣ ዳቦው ጤነኛ ነው’ ብሎ ይጻፍ። እስከ ሳምንቱ መጨረሻ እጠብቃለሁ” አለ።

“ድርጅቱ እኔ ነኝ፣ አሁን እጽፍልሃለሁ” አልኩት።

“ማኅተም ይዘሻል?”

“ማኅተሙ ሰብሳቢያችን ዘንድ ነው።”

“ደግሞም” አለ ወደ እቴቴ እየጠቆመ፣ “ስትጠሪያት እንደሰማሁት ዘመዳሞች ናችሁ።”

እቴቴን በመኪናዋ ወደ ቤት ሰድጄ ቀጥታ ቢሮ ገባሁ። ንዴቱ ደረቴ ላይ እንደ ፍም ተቀምጦ ነበር፣ ግን ተስፋም ነበረኝ። አንድ መስመር ደብዳቤ ነው። አራት ቃል። “ስህተቱ የእኛ ነው” የሚል ሦስት፣ አንዱ ደግሞ ለይቅርታ። ይህን የማይጽፍ ማን አለ ብዬ።

ሰብሳቢያችን ሁሉንም ሰበሰበ። ባለሲሚንቶዋ ተነሥታ “እኔ ግራም አገኘሁ፣ ግራም መለስኩ” አለች። እውነት ነው። ባለወርቁ ተነሥቶ “እኔ ኪሎ አገኘሁ፣ ኪሎ መለስኩ” አለ። ይህም እውነት ነው። እኔ ነጭ ሰሌዳው ላይ ማን መቼ እንደገባ፣ ማን መቼ እንደወጣ ሳልኩላቸው። ሁሉም በአድናቆት ተመለከቱ፤ ባለወርቁ “ቆንጆ ሥዕል ነው” አለ።

“ስለዚህ ማንም አላጠፋም” አለ ሰብሳቢው፣ እፎይ ብሎ።

“ሰው አላጠፋም። ደንቡ ነው ያጠፋው” አልኩ።

“ደንቡን የፈረምነው ሁላችን ነን። አንቺም ፈርመሻል። ሁላችን አጠፋን ማለት ደግሞ ማንም አላጠፋም ማለት ነው።”

“እሺ፣ ዳቦው እንዴት ዜሮ ሆነ?”

አገጩን አሻሸ። “ዳቦው በሚዛን ታይቷል? አልታየም። እንግዲህ ለክርክር ያህል፣ ዳቦው ራሱ ቀሎ ቢሆንስ?”

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ የሚባለውን ሰምቼ ነበር፤ ሲመታ ግን ያየሁት ያን ዕለት ነው። ጮህኩ። ምን እንዳልኩ በትክክል አላስታውሰውም፣ ባለሲሚንቶዋ እንኳ ድምፄን እንድቀንስ ስትለምነኝ ትዝ ይለኛል። ሰብሳቢያችን እስክጨርስ በትዕግሥት ጠበቀኝ። ከዚያ መፍትሔ አቀረበ። ከእንግዲህ አንድ ሰው ቁልፉን ሲጫን ሳጥኑ “እርግጠኛ ነዎት?” ብሎ ይጠይቃል።

“እርግጠኞች ነበሩ እኮ!” አልኩ። “ችግሩ ሁሉ እሱ ነው!”

ተቀባይነት አላገኘም። “እርግጠኛ ነዎት?” በሰማያዊ ይጻፍ ተባለ።

ደብዳቤውንም እንጻፍ አሉ። ግን የጋራ ደብዳቤ ነው፤ ሁላችንም ከየወንበራችን ገብተን የምናስተካክለው። እኔ “ስህተቱ የእኛ ነው፤ ይቅርታ” ብዬ ጻፍኩ። ባለወርቁ ገባና ደንበኛውን ያስበረግጋል ብሎ “ስህተት ሊኖር ይችላል” አደረገው። እኔ ወደ ነበረበት መለስኩት። ባለሲሚንቶዋ “ስህተት” የሚለው ለእሷ የሚደርሳት ስለመሰላት “ችግር” አለችው፣ “የእኛ” የሚለውንም አወጣች። እኔ መለስኩት። ሰብሳቢያችን ገባና “ችግር” ጨለምተኛ ቃል ነው ብሎ “ክስተት” አለው፣ ከዚያም ማኅተሙን መሳቢያ ውስጥ ቆልፎ “አሁን አንቺም እንግባባ በይ” አለኝ። ውሃ ቢወቅጡት መልሶ ውሃ ነው። ስለምነው፣ ስቆጣው፣ ስለምነው ሳምንቱ አለቀ። ማኅተሙ ያረፈበት ደብዳቤ ይህ ነው፤ “በዳቦው ክብደት ላይ የታየው ክስተት በጋራ በመጠናት ላይ መሆኑን በደስታ እንገልጻለን።”

ተረካቢው ፊታችን አነበበው። ደግሞ አነበበው። “የዳቦው ክብደት ገና እየተጠና ከሆነማ” አለ፣ “እኔ ምን ቤት ነኝ?” ውሉን አፈረሰ። እቴቴ አልጮኸችም። እኔ የፈራሁት ጩኸቷን ነበር። ሹፌሩን በስሙ ጠርታ “አንተም ሥራ ፈልግ እንግዲህ” አለችው። በእግሯ ሄደች።

ብዙም ሳይቆይ ወርቁ ተነካ። ባለወርቁ ወደ ሚሊግራም ለውጦ እያሳተመ ሳለ ባለሲሚንቶዋ ደረሰችና ወደ ኪሎ ለወጠችው፤ እርግጠኛ መሆኗን ሳጥኑ ጠይቋት ነበር፣ እርግጠኛ ነበረች። ወርቅ ቤቱ ውስጥ አንድ ሙሽራ አማቾቹ ፊት ቀለበት ሲያወጣ ከቀለበቱ ላይ የተንጠለጠለው ወረቀት “0 ኪሎ” ይላል። የሙሽሪት አባት ወረቀቱን ጮክ ብሎ አነበበው አሉ።

የወርቅ ቤቱ ጌታ ራሱ መጣ። ሰብሳቢያችን ከወንበሩ ተነሥቶ ወንበሩን ሰጠው፤ ያን ወንበር ለሰው ሲለቅ አይቼው አላውቅም። ጌትዮው የተቀመጠው ለመቆጣት ነበር፣ ዕድል ግን አላገኘም። “ጌታዬ፣ መፍትሔው በእጃችን ነው፣ ከቆየ ቆይቷል” አለ ሰብሳቢው፣ ወደ እኔም ዞሮ “ያ ኮድሽ የት ነው?” አለኝ።

ኮዴ የነበረበት ነበር። ያን ጊዜ ኮሚቴ አልተቋቋመም። ቀለሙን የጠየቀ የለም። ጌትዮው ወንበሩ ላይ እያለ ጸደቀ፣ ተጫነ፣ ሠራ። ወርቁ የራሱን ማጠጋጊያ ይዞ መምጣት ጀመረ። ስሙንም “የልዩ ደንበኛ መብት” አሉት።

“እንዲህ ከሆነማ ለሁሉም እንክፈተው፣ የተሠራው ለሁሉም ነው” አልኩት ሰብሳቢያችንን፣ እንግዳው ሲወጣ።

ግራ ገባው። “ለሁሉም ከሆነ ልዩነቱ ምኑ ላይ ነው?”

ሰብሳቢያችን ብዙ ነገር በመማር የታወቀ ሰው አይደለም፣ ይህን ግን ተማረ። ልዩ ነህ ያሉት ደንበኛ እንደማይሄድ ገባው። ከሲሚንቶው ጀምሮ ደንበኛውን በስሙ እየጠራ መብቱን ማደል ያዘ። ቀጥሎ አንድ አዲስ ደንበኛ ይዞልን መጣ። ዳቦ ቤት ነው። ከመሐል ከተማ ባሻገር ትልልቅ ምድጃዎች ያሉት፣ ሆስፒታሉ እቴቴን ካሰናበተ በኋላ ውሉን የወሰደው ሰውዬ ነው።

“የዳቦ ልምድ ስላለሽ አንቺ ያዥው” አለኝ። “ልዩ መብቱንም አስገቢለት። በእሱ ላይ ዜሮ ምናምን የሚባል ነገር አልፈልግም።”

“የአክስቴስ ጉዳይ?” አልኩ።

“እሱ እኮ ተዘግቷል” አለኝ፣ በእርጋታ። “በመግባባት።”

እንቢ ልል አፌን ከፈትኩ። እንቢ ብልና ብወጣ እንዴት ደስ እንደሚለኝ አውቃለሁ፤ በሩን እንዴት ድርግም አድርጌ እንደምዘጋው ሳይቀር አስቤበታለሁ። ነገር ግን ምድጃዎቹ ከጠፉ ወዲህ የእቴቴ ቤት የሚያድረው በእኔ ደመወዝ ነው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። አፌን ዘጋሁና ቁጭ ብዬ አስገባሁለት።

በማግሥቱ እቴቴ ዘንድ ሄድኩ። ከምድጃዎቹ የሚሠራው አሮጌው ብቻ ነው፤ አዲሶቹን በማዳበሪያ ጆንያ ሸፍናቸዋለች፣ አቧራ እንዳይገባባቸው ብላ፣ ነገ የሚቀጣጠሉ ይመስል። ለሠፈሩ የሚሆን ጥቂት ዳቦ መደርደሪያው ላይ አለ። ስቲከር የለበትም። አጠገቧ ባለው የዱቄት ጆንያ ላይ ተቀመጥኩ።

“አዲሱ ባለዳቦም የእናንተ ደንበኛ ነው አሉኝ” አለች፣ ፊቷን ሳታዞር።

“ነው።”

“የሱ ወረቀት ስንት ይላል?”

“ስምንት መቶ ግራም።”

“ዜሮ ብሎበት አያውቅም?”

“አይልበትም። ለብቻው ተደርጎለታል።”

“ማን አደረገለት?”

መሬት መሬት አየሁ። “እኔ።”

እቴቴ እጇን በሽርጧ ጠረገች፣ ዱቄት አልነበረበትም። ልትቆጣኝ ነው ብዬ ተዘጋጀሁ፤ ብትቆጣኝ እመርጥ ነበር። እሷ ግን አጠገቤ መጥታ ቁጭ አለች፣ ልጅ ሳለሁ ጥናቴን ስትጠይቀኝ እንደነበረው አድርጋም ዓይኔን አየችኝ።

“ብዙ አለፋሽ?”

“አላለፋኝም፣ እቴቴ። ከወንበሬ ሳልነሣ ነው የጨረስኩት።”

“ከወንበርሽ ሳትነሺ” አለች። “ታዲያ ለእኔ ጊዜ ምን ሆናችሁ ነው?”

ለሰብሳቢያችን፣ ለተረካቢው፣ ለሁሉም መልስ ነበረኝ። ለእሷ የነበረኝ እውነቱ ብቻ ነው።

“ስብሰባ ላይ ነበርን” አልኳት።